በገጠር ዞን የተከላካይ ጠበቃ ቢሮ ልንከፍት ነው፤ ከየት ብንጀምር ይሻላል?

አዲስ ተከላካይ | ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

የምሠራው ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነው። የዞኔን ስም ልተወው። ክልሉ የተመሠረተው ኅዳር 2014 ነው፤ ብዙ ነገር ገና እየተደራጀ ነው። ስድስት ዓመት ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሠርቻለሁ። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን ወደ ሌላኛው ወንበር ተዛውሬያለሁ። እኔና አንዲት ባልደረባዬ በዞናችን የተከላካይ ጠበቆች ቢሮ እንድንከፍት ተመድበናል። ሁለት ጠበቃ፣ አንድ ጸሐፊ፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል። ሞተር ሳይክል ይሰጣችኋል ተብለናል፤ እስካሁን አልመጣም።

ለምን እንደተዛወርኩ ልንገራችሁ። በግድያ ሙከራ የከሰስኩት አንድ ሰውዬ ነበር። ምስክሬን አሰማሁ። ዳኛው «መስቀለኛ ጥያቄ አለህ?» አሉት። ሰውየው ቆሞ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ጌታዬ፣ እሱ ያለው እውነት አይደለም» ብሎ ተቀመጠ። በቃ። እኔ ግን ምስክሬ የቱ ጋ እንደሚላላ አውቅ ነበር። ጨለማ ነበር፣ ርቀት ነበር፣ መሀል ላይ የእንሰት ጓሮ ነበር። ፊቱን እንዴት ለየኸው ብሎ የጠየቀው የለም። ሰውየው ተፈረደበት። ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ 5 ላይ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ አስቀምጦታል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጣና በዚህም ምክንያት ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት አለው። ይህ ከተጻፈ ከ1987 ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው። ሕጉ አለ፤ የጠፋው ሰው፣ ክፍልና ሞተር ነው።

እቅዳችን ቀላል ነው። ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ የሚመራልንን ከባድ ወንጀል እንይዛለን፤ ግድያ፣ አስገድዶ መድፈር፣ ውንብድና። ፍርድ ቤት ሲያዘን እንገባለን። ወረዳዎቹ ይቆዩ። ሁለት ሰው ብቻ ነን፣ ክረምት ላይ ደግሞ ግማሹ መንገድ ይዘጋል። ነገር ግን ልቤ አልረጋም። ሥራውን የሠራችሁ፣ ወይ በሌላ በኩል ሆናችሁ ያያችሁ፣ የምታውቁትን አካፍሉኝ።

---

ጡረተኛ ዳኛ | ሰኞ፣ ማታ 4፡05

ልጄ፣ እግዚአብሔር ሥራህን ይባርክልህ። ከከባዱ ወንጀል መጀመራችሁ ተገቢ ነው። ሃያ ዓመት ሊታሰር የሚችል ሰው ቀድሞ ሊታይ ይገባል።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ዳኛ ሳለሁ ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ ሲቀርብ ተከላካይ እመድብ ነበር። ጠበቃው መዝገቡን የሚያገኘው በዚያው ቀን ነው። ከሰውየው ጋር የሚተዋወቀው ችሎት በር ላይ ነው፤ ፖሊስ አጠገባቸው ቆሞ። ያንን መከላከል ልለው አልችልም።

አንድ መዝገብ ከአእምሮዬ አልወጣም። በድንበር ጠብ ጎረቤቱን የገደለ ገበሬ ነበር። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ተከሶ፣ ጥፋተኛ ተብሎ፣ እኔ ራሴ ፈረድኩበት። ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ይግባኝ ሄዶ ሌላ ጠበቃ ሲይዘው ነው ታሪኩ የወጣው። ሟች በዚያው ቀን ጠዋት የገበሬውን ሚስት መንገድ ላይ ደብድቧታል። ጥርሷ ወልቋል። ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ ያያት እንደዚያ ሆና ነው። ይህ ቢነገረኝ አንቀጽ 541ን አስብ ነበር። በከባድ ንዴት፣ በድንገተኛ ደም ፍላት የተፈጸመ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። ልዩነቱን እየው። ሰውየው እኔ ፊት ቆሞ ለምን አልተናገረም? ሚስቱ መደብደቧን በሰው ፊት ማውራት አሳፍሮት ነበር። ደግሞስ ጠቃሚ መሆኑን ማን ነገረው? ዳኛ ሆኜ ልጠይቀው ይገባ ነበር፣ አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከባዱን ያዙ፣ ነገር ግን ችሎት በር ላይ አትቀበሉት።

---

ሁለት ዓመት ከአምስት ወር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ስሜን ያየ ይገባዋል። የታሰርኩት ያን ያህል ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ በነጻ ተሰናበትኩ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው።

ጠበቃ የመጣልኝ በስምንተኛው ወር ነው። ጥሩ ሰው ነበር፣ ዕድሜውን ያርዝመው። የመጀመሪያ ጥያቄው «ፖሊስ ጣቢያ ምን ብለህ ፈረምክ?» የሚል ነበር። እኔ ምን እንደፈረምኩ አላውቅም። ማታ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ ወረቀቱ ተነበበልኝ ግን ግማሹ አልገባኝም። «ይህን ፈርምና ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ» ተባልኩ። ፍርድ ቤት መቅረቤ መፈታቴ መስሎኝ ፈረምኩ።

ያንን ወረቀት ለማፍረስ ሁለት ዓመት ፈጀ። ሁለት ጥጆቼ ተሸጡ። ትልቋ ልጄ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ አረብ አገር ሄደች።

ወንድሜ፣ ችሎት ላይ ያለው ጠበቃ ያስፈልጋል። ግን ለእኔ በመጀመሪያው ቀን «ያልገባህን አትፈርም» የሚለኝ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ባልሆነ። ጠበቃ መሆን እንኳ የለበትም።

---

በዐቃቤ ሕግነት ላይ ያለሁ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡50

ከላይ የጻፍከው ወንድሜ፣ የደረሰብህ ያሳዝናል። ከልቤ ነው።

ሌላውንም ወገን ልናገር። ወረዳ ላይ ያለ መርማሪ ፖሊስ አንድ ራሱን ነው። መኪና የለውም። የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ከቀበሌ እስከ ፍርድ ቤት ያለው የጉዞ ጊዜ በ48 ሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም፤ እዚያው ላይ ነው ብዙ ነገር የሚበላሸው። አንዳንድ ቦታ ሰው በእግር አንድ ቀን ተኩል ይመጣል። የጉዞው ሰዓት የት ጀምሮ የት እንዳለቀ የሚመዘግብ የለም። ተከላካይ ጠበቃ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ሁሉንም «ዝም በሉ» ቢላቸው ምርመራው ይቆማል የሚል ፍርሃት በእኛ ቤት አለ። እንዳትደብቁት ብዬ ነው።

እንደዚያም ሆኖ ልጨምር። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 27 መሠረት ተጠርጣሪው ያለመናገር መብቱ ሊነገረው ግድ ነው። ይህ የ1954 ሕግ ነው፤ አዲስ አልተፈጠረም። ጠንካራ ጠበቃ ባለበት ቦታ የሚመጣልኝ የምርመራ መዝገብ የተሻለ ነው። ፖሊሱ ይጠነቀቃል፣ እኔም ይግባኝ ላይ አልወድቅም።

---

አዲስ ተከላካይ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡15

ጋሼ፣ ስለ ገበሬው የነገሩኝን ለባልደረባዬ አነበብኩላት። ምሳ ሳንበላ ቀረን። ወንድሜ «ሁለት ዓመት ከአምስት ወር»፣ አንተ የጻፍከውን ደግሞ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ገልብጬዋለሁ። «ያልገባህን አትፈርም።» ቅር ካላለህ ቢሯችን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን፣ በአማርኛም በአካባቢው ቋንቋዎችም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ ካልን ወረዳዎቻችን ብዙ ናቸው። ሁለት ሰው እንዴት ይደርሳል?

---

በርታ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡00

አትድረሱ። አንድ ወረዳ ምረጡ። መጀመሪያ አንዱን።

---

አሥር ዓመት በተከላካይነት | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

ይህን ሥራ አሥር ዓመት ሠርቻለሁ፣ በሌላ ክልል። ሴት ነኝ፤ ይህን የምለው ለባልደረባህ እንዲደርስ ነው። ማረሚያ ቤት ስትገባ መጀመሪያ «የማን ሚስት ነሽ» ይሏታል። ትታገሥ። በሦስተኛው ወር «ጠበቃዋ መጣች» ማለት ይጀምራሉ።

አሁን ወደ ሥራው። በፕሮጀክት ወረቀት ላይ የማይጻፈውን ልንገርህ።

የድህነት ማስረጃ ከቀበሌ አምጡ አትበሉ። ታሳሪው እንዴት አድርጎ ያመጣል? ሚስቱ ሦስት ቀን ትመላለሳለች፣ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው፣ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። እኛ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጀን። ስንት ጥማድ መሬት፣ ስንት ከብት፣ ስንት ልጅ ብለን እንጠይቃለን፣ ቃለ መሐላ ያስፈጽማል፣ ያልቃል።

አንድ መዝገብ ላይ ሁለት ተከሳሽ ካለ ሁለቱንም አንድ ጠበቃ እንዳይዝ። ይህ ቀላል ይመስላል። ዳኛውም ለመፍጠን «ሁለቱንም ያዝ» ይልሃል። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ አንደኛው «እኔ ሳልሆን እሱ ነው» ይላል። ያኔ የአንዱን ምሥጢር ይዘህ ሌላውን መከላከል አትችልም፤ ሁለቱንም ትተህ ትወጣለህ። ሁለት ጠበቃ ብቻ ስላላችሁ ሦስተኛ ተከሳሽ ሲመጣ ምን እንደምታደርጉ አሁኑኑ ከፍርድ ቤቱ ጋር ተስማሙ። በአካባቢው ያሉ የግል ጠበቆችን ስም ዝርዝር ያዙ። በፌዴራል ደረጃ ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት ነጻ አገልግሎት እንዲሰጥ ግዴታ ጥሎ ነበር። ጠበቃው ከተማ ስለሚኖር ሰዓቱም ከተማ ላይ ያልቃል። እናንተ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ሲጠየቅ እምቢ የሚል ጥቂት ነው።

የማረሚያ ቤት ጉብኝት ቀን ይኑራችሁ። የማይዘል ቀን። እኛ ዓርብ ጠዋት ነበር። ዝናብ ዘነበ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ዓርብ ጠዋት እዚያ ነን። ሰዎቹ ሳምንቱን የሚቆጥሩት በእኛ ነበር።

ይግባኝ። እዚህ ላይ ስንቱ ሰው ይቀራል መሰላችሁ! ከተፈረደ በ15 ቀን ውስጥ የፍርድ ግልባጭ መጠየቅ አለበት፣ ግልባጩ በእጁ ከገባ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ማስገባት። ታሳሪው ይህን አያውቅም። የተከላከለው ጠበቃ ሥራዬ አልቋል ብሎ ሄዷል። ቀኑ ያልፋል። ስለዚህ ፍርድ በተሰጠበት ቀን፣ እዚያው ችሎት ደጅ ላይ፣ የግልባጭ መጠየቂያው ይጻፍ። ለነገ አይደር።

ምስክር ደግሞ። የእኛ ሰው የመከላከያ ምስክር አለኝ ይላል፣ ምስክሩ ሩቅ ነው፣ መጓጓዣና ማደሪያ የለውም። የዐቃቤ ሕግ ምስክር በፖሊስ ይመጣል፣ የእኛ በእግሩ። በበጀት ጥያቄያችሁ ላይ «የመከላከያ ምስክር ትራንስፖርት» የሚል መስመር አስገቡ። መጀመሪያ ይሰርዙታል። በሚቀጥለው ዓመት ድገሙት። ቀጠሮ ስትጠይቁም ወቅቱን እዩ። በእናንተ አገር ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው አይደል? በዚያ ሰሞን የተቀጠረ ምስክር አይመጣም፤ አመቱን ሙሉ የሚበላው እዚያ ዛፍ ላይ ነው ያለው።

አንድ ልጅ ልጨምርልህና ላብቃ። በቡና ስርቆት ተከሶ ከአዋቂ ጋር ታስሮ ነበር። መዝገቡ ላይ ዕድሜ 18 ይላል። እኔ ሳየው ጢሙ እንኳ አልበቀለም። እናቱን የተወለደበትን ዓመት ጠየቅኳት። «የምርጫው ሰሞን ነው፣ ያ ግርግር የነበረበት» አለች። 1997 ማለቷ ነው። ድርጊቱ የተፈጸመው ኅዳር 2012 ነው። ጤና ጣቢያ ሄጄ የክትባት መዝገቡን ፈለግኩ፣ ተገኘ። 14 ዓመት ከምናምን ወሩ ነው። ከ9 እስከ 15 ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። ልጁ ወደ ቤቱ ሄደ። ያ ሥራ የሕግ እውቀት አልጠየቀም። ጤና ጣቢያ ድረስ መሄድ ብቻ ነው የጠየቀው። አይምሰልህ፣ ግማሹ ሥራችን ይኼ ነው።

---

ከሱ ፎልስ | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 8፡10

ከሰሜን አሜሪካ፣ ደቡብ ዳኮታ ነው የምጽፈው። የምኖረው ሱ ፎልስ ነው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን አለን። ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። እዚህ የገጠር ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ክፍለ ግዛቱ 66 ካውንቲ አለው። የተከላካይ ጠበቃ ቢሮ የነበራቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የግል ጠበቃ እየመደቡ ነው የሚከፍሉት፣ ከካውንቲው ኪስ። አንዳንድ ካውንቲ ውስጥ ጠበቃ ጨርሶ የለም። ስለዚህ በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ ፕሮግራም ጀመሩ። ገጠር ሄዶ 5 ዓመት ለሚሠራ ጠበቃ በየዓመቱ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ይሰጡታል። ወጪውን ፍርድ ቤቱ፣ ካውንቲውና የጠበቆች ማኅበሩ ይካፈሉታል። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክፍለ ግዛቱ የራሱን ቢሮ አቋቋመ። ቢሮው ሁሉንም ወንጀል በአንድ ጊዜ አልያዘም። ከይግባኝ ነው የጀመረው።

ይህን የማነሳው ለማወዳደር አይደለም። እዚህ አገር የድሃ ተከሳሽ ጠበቃ የማግኘት መብት የጸናው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው፣ ፍሎሪዳ እስር ቤት ውስጥ አንድ ታሳሪ በእጁ በጻፈው ማመልከቻ ምክንያት። ጌዲዮን ይባላል። ጠበቃ ተሰጥቶት ጉዳዩ እንደገና ሲታይ በነጻ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት አልፎም ገጠሩ ገና ነው። እናንተ ሁለት ሰው ሆናችሁ ሁሉንም አልደረስንም ብላችሁ እንዳትሸማቀቁ። የመጣ ሰው እንዲቆይ ግን አሁኑኑ አስቡበት፤ ቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት፣ የበረሃ አበል። ሰው ይመጣል፣ በሁለተኛው ዓመት ወደ ከተማ ይሄዳል፣ መዝገቡ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

---

ምዕራብ ኦሞ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡30

እኔ የምኢኒት ተወላጅ ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም፣ መምህር ነኝ። ፍርድ ቤት ሲቸገሩ ይጠሩኛል፣ ላስተረጉም።

ስለ ቋንቋ ማንም አላነሳም። በእኛ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ጥሩ። ነገር ግን ሱሪ፣ ዲዚ፣ ምኢኒት፣ ቤንች፣ ካፋ፣ ሸካ፣ ዳውሮ ሁሉም በየራሱ ቋንቋ ነው የሚያስበው፣ የሚቆጣው፣ የሚምለው። ሕገ መንግሥቱ በማይገባው ቋንቋ የሚከሰስ ሰው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ያገኛል ይላል። በተግባር የሚያስተረጉመው ማነው? አንዳንዴ ያሰረው ፖሊስ ራሱ ነው።

አንድ ጊዜ የሆነ ልንገራችሁ። ሽማግሌው ስለ ከብቱ ሲናገር «ወሰድኩ» የሚል ቃል ተጠቀመ። በእኛ ቋንቋ ያ ቃል የራስን ንብረት ከሰው እጅ ማስመለስን ይጨምራል። አስተርጓሚው «ወሰድኩ» ብሎ ብቻ ተረጎመው። መዝገቡ ላይ የእምነት ቃል ሆኖ ገባ። እኔ የደረስኩት ከስንት ቀጠሮ በኋላ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን አስተርጓሚዎች መዝግቡ። መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ሰዎች። ከፖሊስ ውጭ የሆኑ። አበላቸውን ክፈሉ፣ ትንሽም ቢሆን። በነጻ የመጣ አስተርጓሚ ሁለተኛ አይመጣም። ስለ ራሴ ነው የምናገረው።

---

የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ | ረቡዕ፣ ቀን 7፡00

ሰላም። ዩኒቨርሲቲዎች የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ ወዘተ። ማረሚያ ቤትና ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ያላቸውም አሉ። እኛ ችሎት መቆም አንችልም። ግን ታሳሪ ማነጋገር፣ ቅጽ መሙላት፣ የተያዘበትን ቀን መመዝገብ እንችላለን። ማላዊ ውስጥ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠበቃ ያልሆኑ የሕግ ረዳቶች እስር ቤት ገብተው ታሳሪዎችን ሕጉን በድራማና በዘፈን ያስተምራሉ። ዋስትና እንዴት እንደሚጠየቅ ታሳሪው ራሱ ይለማመዳል። ለጠበቃ ችግር መልስ አድርጌ ሳይሆን፣ ለመጀመሪያው ቀን መልስ አድርጌ ነው የማየው። አጠገባችሁ ዩኒቨርሲቲ ካለ ደብዳቤ ጻፉ። እኛ ለተግባር ልምምድ ቦታ እያጣን ነው።

---

ያገር ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡45

ሽምግልናን አትርሱ። እኛ ጋ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚሄደው ሽማግሌ ነው፣ ፖሊስ አይደለም። ሁለቱ ቤተሰብ ካልታረቀ ፍርድ ቤት ቢፈርድም ደም አይቆምም። ጠበቃው ዕርቁን ካላወቀ ተከሳሹ ሲፈታ የሚገባበት ቤት የለውም።

---

አሥር ዓመት በተከላካይነት | ረቡዕ፣ ማታ 2፡20

ያገር ልጅ ያልከው ትክክል ነው። ጸጸትና ካሳ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ነው፤ ዕርቁን በጽሑፍ አድርጌ ስንት ጊዜ አቅርቤዋለሁ።

ነገር ግን አንድ አደጋ አለው፣ ደሜን ያፈላው ነገር። ተከሳሹ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» ይላል። ባህሉ ነው፣ ባይገድልም ቤተሰቡን ለማዳን ይላል። ከወር በኋላ እነዚያው ሽማግሌዎች የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆነው «ራሱ አምኗል» ይላሉ። ውሸት አልተናገሩም። እሱም አልዋሸም። ግን ሽማግሌ ፊት የተባለው ቃል ለዕርቅ ነው የተባለው። ጠበቃው ይህን ለዳኛው ማስረዳት አለበት፣ ያ የሚሆነው ደግሞ ጠበቃው የአካባቢውን ሥርዓት ካወቀ ብቻ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀድማችሁ ተቀመጡ። ቡና ጠጡ። ሰው ሳይገደል።

---

በዐቃቤ ሕግነት ላይ ያለሁ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

ያንን ነጥብ በሐቀኝነት አስቤበት አላውቅም ነበር። እኔም እንደዚያ ያሉ ምስክሮች አሰምቻለሁ።

---

ጡረተኛ ዳኛ | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡10

ስለ ክፍላችሁ አንድ ቃል። ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ መሆናችሁ ለመዝገብ ይመቻል። በፌዴራልም ጽሕፈት ቤቱ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ነው። ሆኖም ድሃው ሰው ዳኛውም አንተም በአንድ በር ስትገቡ ካየ «ያው የመንግሥት ሰው ነው» ብሎ እውነቱን አይነግርህም። የሥራ ግምገማህን የሚሞላው አንተ የምትከራከርበት ዳኛ ከሆነ ደግሞ ይግባኝ ስትል እጅህ ይንቀጠቀጣል። በሩን ለመቀየር አቅም ከሌላችሁ እንኳ ግምገማው ከማን እጅ እንደሆነ በጽሑፍ አስወስኑ። አሁን፣ ገና ሁሉም በደግ ዓይን እያያችሁ ሳለ።

---

አዲስ ተከላካይ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ማታ 1፡30

ዝም ያልኩት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው።

እቅዱን ቀይረናል። ሥራውን ከሁለት ከፈልነው። ባልደረባዬ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ላይ ከባዱን ትይዛለች። ለፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ጽፈን መዝገብ ከተመራልን በኋላ ቢያንስ አንድ ቀጠሮ ለዝግጅት እንዲሰጠን ተስማምተናል። እኔ አንድ ወረዳ መርጫለሁ፣ ማክሰኞና ዓርብ። ማክሰኞ ፖሊስ ጣቢያ፣ ዓርብ ማረሚያ ቤት። ሞተሩ አልመጣም። በሚኒባስና በእግር ነው።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ላይ ፖሊሶቹ ወንበር አልሰጡኝም። ሁለተኛው ላይ አንዱ «አንተ እኮ ዐቃቤ ሕጉ ነህ» አለኝ። «ነበርኩ» አልኩት። ሦስተኛው ላይ ራሱ ጠራኝ። አንድ ወጣት አለ፣ የማር ቀፎ ሰብሯል ተብሎ የመጣ፣ አማርኛው ደካማ ነው። መርማሪው ቃል ሊቀበለው ነበር። አስተርጓሚ እስኪመጣ እንጠብቅ አልኩ፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደረሰች። ልጁ የተናገረው ሌላ ታሪክ ነው። ቀፎው የአባቱ ነው፣ አጎቱ ከአባቱ ሞት በኋላ የወሰደው። መርማሪው ጽፎ፣ አንብቦለት፣ በራሱ ቋንቋ ተነግሮት ነው የፈረመው። በማግስቱ ዋስ ጠርቶ ወጣ። ጉዳዩ አላለቀም፤ ቀጠሮ አለው።

ቅጹን አዘጋጅተናል። አንድ ገጽ ነው። ስም፣ ቋንቋ፣ የተያዘበት ቀን፣ ሰዓትና ቀበሌ፣ ጣቢያ የደረሰበት ሰዓት፣ ፍርድ ቤት የቀረበበት ሰዓት፣ ምን እንደፈረመ፣ ተነበበለት ወይ፣ ዕድሜውን ምን ያረጋግጣል፣ አብሮት የተከሰሰ አለ ወይ። የጉዞውን ሰዓት መጻፍ ከጀመርን ወዲህ መርማሪዎቹም እየጻፉት ነው።

የመከላከያ ምስክር ትራንስፖርት በበጀቱ ውስጥ ገብቷል፣ ተሰርዟልም። እህቴ እንዳልሽው በሚቀጥለው ዓመት እደግመዋለሁ። ሦስተኛ ተከሳሽ ሲመጣ የሚገባ የግል ጠበቃ አንድ አግኝተናል፣ ሁለተኛ እየፈለግን ነው።

አሁን የቸገረኝ ክረምቱ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 መደበኛው ችሎት ይዘጋል፣ መንገዱም አብሮ ይዘጋል። በዚያን ጊዜ የሚያዙ ሰዎች አሉ። እናንተ ጋ በእረፍት ወቅት የጊዜ ቀጠሮ ችሎቱን፣ ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን የሚጠይቅበትን ማለቴ ነው፣ እንዴት ነው የምትከታተሉት?

---

አሥር ዓመት በተከላካይነት | እሑድ፣ ማታ 3፡15

ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ ተረኛ ዳኛው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ስልኩን ያዙ። ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ስለዚህ የእያንዳንዱን ታሳሪ 14ኛ ቀን ካሌንደር ላይ ጻፉ። መንገድ ሲዘጋ ያ ቀን ነው የሚረሳው። እኛ ጣቢያው ላለው ለተረኛ ፖሊስ በዚያን ቀን ጠዋት እንደውል ነበር። «ዛሬ የእገሌ ቀን ነው» ብቻ እንላለን።

ቅጹን ላክልኝ። የእኛው ላይ «ተነበበለት ወይ» የሚለው የለበትም።

---

ሁለት ዓመት ከአምስት ወር | እሑድ፣ ማታ 3፡40

ለእኔም ላክልኝ። የእኛ ቀበሌ ላይ ለወጣቶቹ ላነብላቸው።